የጠመንጃ ዘይት

ጥሩብርሃን ጨርቅ ይዛ ወጣችና በግቢው በር ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ምራቁን ጠረገች። ከቀብር ከተመለሰች ወዲህ አምስተኛው ነው። የሚተፉት ቆመው አይደለም። ከብት እየነዱ፣ ነዶ ተሸክመው፣ አንገታቸውን ሳያዞሩ በዚያው ያልፋሉ። ማን እንደተፋ በኮቴው ታውቃለች። የመጨረሻው በዱላ እየተደገፈ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ነበር። ገሜዳ ነው። ቀና ብላ አላየችውም።

“ተዪው ባክሽ፤ ደርቆ ይለቃል” አለ ኃይለመስቀል ከቤት ውስጥ።

 ጨርቁን አጥባ አጥሩ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ገብታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

ባሏን አጎብን የቀበረችው ዛሬ ጠዋት ነው። አርመን ነበር። ኮልፌ ገበሬዎች መካከል ስምንት ዓመት የኖረ ፈረንጅ እሱ ብቻ ነው። ጣሊያኖች ትናንት ከሰዓት በኋላ ቀፎዎቹ አጠገብ ገደሉት። ሬሳውን የሚያነሳ ታጣ። በኮልፌ ደንብ የማይታወቅ መንገደኛ እንኳ ቢሞት ቃሬዛ የሚይዝ ስምንት ወንድ አይጠፋም። አጎብን ወደ ቤተ ክርስቲያን የወሰደችው የጎረቤቷ የአልፊያ አህያ ናት። ከኋላ ቄሱ፣ አልፊያና ጥሩብርሃን ተከተሉ። አህያዋ ወንዙ ጋ ስትደርስ ውሃ ልትጠጣ ቆመች። እስክትጠግብ ጠበቋት።

ቤቱ ውስጥ ሦስት ምንጣፍ ተነጥፏል። ሁለቱ ባዶ ናቸው። ኃይለመስቀል በሩን ፊት ለፊት ይዞ፣ አጎብ የሠራው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞታል። የጣሊያኑ መኮንን አስተርጓሚ ነው። ካኪ ኮት ለብሷል፤ ራሱን ተላጭቷል። የተላጨው ለሐዘን ነው፤ ግን ለአጎብ አይደለም።

“ከቀብር ስትመለሺ ነግሬሻለሁ” አለ። “አሁንም ስሚ። ሠልስቱ እስኪወጣ እዚሁ ነኝ። አሥራ አንድ ሰዎች ጠመንጃቸውን ባልሽ እጅ ላይ አድርገዋል። ከአሥራ አንዱ አንዱ መጥቶ እዚህ ምንጣፍ ላይ ካለቀሰለት፣ ባልሽ ያደረገውን ያውቅ ነበር ማለት ነው። አንዱ ካወቀ ሁሉም ያውቃሉ። አሥራ አንዱንም ባልሽ የወደቀበት ቦታ አቆማቸዋለሁ። ቤታቸውን አቃጥላለሁ።”

“አያውቁም።”

“እሱን ምንጣፉ ይነግረኛል።”

ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። እሱ ቀጠለ።

“ወንድሜ ሃያ ዓመቱ ነበር” አለ። “ካምፕ ውስጥ ከኮልፌ የተሰበሰበውን ጠመንጃ ሰጡት። ወልወል ያለ፣ የሚያብለጨልጭ። ደስ ብሎት አሳየኝ። ወጨጫ ተራራ ላይ አርበኞቹ ከላይ ሲወርዱበት ሦስት ጊዜ ምላጭ ሳበ። ሦስት ጊዜ ቀጭ አለ። አራተኛውን አልሳበም፤ ጎራዴ አንገቱ ላይ አረፈ። ከአሥራ አንዱ ጠመንጃ አንድም አልተኮሰም። ሬሳውን ሳነሳው ጠመንጃውን እንደታቀፈ ነበር። እጁ ዘይት ይሸታል። የባልሽ ዘይት።”

ጥሩብርሃን እጇን አየች። ሬሳውን ያጠበችው እሷ ናት። ያው ሽታ ከጣቶቿ ላይ አልወጣም።

አልፊያ በሰፌድ ንፍሮና ጥቂት ቆጮ ይዛ ገባች። ወፍራም፣ ፈጣን፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

“የመንግሥት ሰው አለ ሲሉኝ ጨው ጨመርኩበት” አለች ንፍሮውን እያስቀመጠች።

“አንቺ እስላም ነሽ” አለ ኃይለመስቀል። “ለአርመን ምን አስለቀሰሽ?”

“ምን አስለቀሰኝ! ሐዘንተኛዋ አህያዬ ናት፤ ተሸክማው የሄደች። እኔ እሷን ወክዬ ነው።”

አስተርጓሚው አፍንጫውን ነፋ። ሊስቅ ነበር፤ ትዝ አለውና ተወው። ተነስቶ ደጅ ወጣ፤ በሩ ላይ ለቆመው አስካሪ፣ ለጣሊያኖቹ ቅጥር ወታደር፣ አንድ ነገር ተናገረ። አልፊያ ወደ ጥሩብርሃን ጆሮ ጠጋ አለች።

“ሰው ምን ይላል?” አለቻት ጥሩብርሃን።

“ጌቶቹ ሲጠግቡት ገደሉት ይላል። ጠመንጃችንን እንደ ሙሽራ ዘይት ቀብቶ ለጣሊያን ዳረብን ይላል።”

“አንቺስ?”

“እኔ ለልጆቼ ማር ሲቆርጥላቸው ነው የማውቀው። ሌላውን አትጠይቂኝ።” ከዚያ ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። “አባባ ገሜዳ ነገ ሊመጡ ነው። ‘ብጠላውም መሬቴ ላይ ነው የሞተው፤ ለቅሶ ሳልደርስ ብቀር ነውር ነው’ ሲሉ አሁን ማሳው ዳር ሰማኋቸው።”

የጥሩብርሃን እጅ ንፍሮው ላይ ቆመ።

“እንዳይመጡ ንገሪያቸው።”

“ምን ብዬ?”

“ጥሩብርሃን ቤቴ እንዳይደርሱ አለች በያቸው።”

አልፊያ አየቻት። ለቅሶ ደራሽን ከበር መመለስ በኮልፌ ከስድብ በላይ ነው። ደም የተቃቡ ሰዎች ብቻ ናቸው የሚያደርጉት።

“እርግጠኛ ነሽ?”

“ሂጂ፤ አሁኑኑ።”

*

አጎብ ኮልፌ የመጣው በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሁለት፣ ባቄላ ሲያብብ ነው። ሁለት በቅሎ እየሳበ መጣ። ገሜዳ ማሳው ዳር ቆሞ ነበር።

“ምን ፈለግህ?” አለው።

“ጸጥ ያለ ቦታ።”

ገሜዳ ሳቀ። “እኛ ያለን ገብስና ባቄላ ነው።”

ቢሆንም ወንዙ ዳር ድንጋይ የበዛበትን ቁራጭ መሬት በሲሶ ሰጠው። አንድ ክረምት አይቆይም ብለው ነበር። አጎብ ድንጋዩን አንድ በአንድ ለቅሞ አጥር ሠራበት። ተንበርክኮ ያርም ነበር፤ ልጆች ቆመው ይስቁበታል። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። ቄሱንም፣ በሬውንም፣ በኋላ ያገባትን ጥሩብርሃንንም “አንተ” ይላል። ቀፎውን ዛፍ ላይ እንደመስቀል በሣጥን ሠርቶ መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ደግሞ ሳቁበት። ማሩን ከቀመሱ በኋላ ሳቁ ቀነሰ።

አራዳ ውስጥ አሥር ዓመት ጠመንጃ ጠጋኝ እንደነበር ሲሰማ ሰዎች የተሰበረ ብረታቸውን ይዘው መጡ። ሁሉንም መለሰ።

“እኔ ጠመንጃ ጨርሻለሁ” ይላል። “የጠገንኩት ሁሉ ሰው ላይ ተተኮሰ። አሁን ንብ።”

ለምን እንደጨረሰ ለጥሩብርሃን የነገራት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጎመን ሲኮተኩቱ፣ ቀና ሳይል ነገራት።

“በአገሬ መጀመሪያ ጠመንጃ ሰበሰቡ። ቀጥሎ ወንዶቹን ሰበሰቡ። ከዚያ የሚሰበሰብ አልቀረም።” ጥቂት ኮተኮተ። “አባቴ ላዬ ላይ ወደቀ። ሁለት ቀን ሥሩ ተኛሁ። ከባድ ሰው ነበር። ጥሩ፣ አንተ ይሄን ለማንም አትንገር።”

ለማንም አልነገረችም።

*

ከሰዓት በኋላ ኃይለመስቀል አራት አስካሪዎች ጠርቶ ቤቱን አስፈተሸ። የሚፈልጉት ሞረድና የብረት ቁራጭ ነው። መደቡን በዶማ ቆፈሩት። ፍራሹን በሳንጃ ቀደዱት። የእህል ጎታውን ገለበጡት። ቀፎዎቹን በሰደፍ ሰበሯቸው፤ ንቦቹ ሲወጡ አንዱ አስካሪ ዓይኑን ይዞ እየጮኸ ሮጠ። ጥሩብርሃን ቀፎው ጋ ቀድማ ቆማ ስለነበር ሌላው በሰደፍ አፏን መታት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ደሙን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ገባች።

ኃይለመስቀል መደርደሪያው ላይ አንድ ነገር አየና አነሳው። የጭንቅላት ያህል ድቡልቡል ሰም ነው።

“ይሄስ?”

“ሰም ነው። ለሠልስቱ ጧፍ ልሠራበት።”

አስተርጓሚው በእጁ መዘነው። ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ወረወረው፤ ደግሞ መለሰው። ጥሩብርሃን ዓይኗን ከሰሙ ላይ አላነሳችም።

“ማን ይዞ ሊያበራው ነው?” አለና ምንጣፉ ላይ ጣለው። ተንከባሎ እግሯ ሥር ቆመ።

*

ትእዛዙ የወጣው በጥቅምት ነው። የጣሊያኑ መኮንን ወንዶቹን ሰብስቦ እስከ ቅዳሜ ጠመንጃ እንዲገባ ተናገረ። ለቀረ ጠመንጃ አንድ ቤት ይቃጠላል፤ አንድ ሰው ይሰቀላል። ያልሞተ ሰው ሁሉ በየካቲት ከተማው ሦስት ቀን ሲነድ ጭሱን አይቷል። የሚቀልድ አልነበረም።

ወንዶቹ ገሜዳ ግቢ ተሰብስበው ወደ ወጨጫ እንውጣ ተባባሉ። ማንም ያልጠራው አጎብ መጥቶ መሀል ቆመ።

“ስጡ” አለ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

“ሽማግሌ፣ አራስ፣ ሕፃን ይዛችሁ ተራራ ትወጣላችሁ? ያርዷችኋል። እኔ አይቻለሁ። ስጡ። ግን ዝገት አይኑርበት፤ ዝገት ካዩ ደህናውን ደብቀዋል ይላሉ። ለእኔ አምጡ። ዘይት እቀባለሁ።”

“ለእኛ ስንለምንህ ጨርሻለሁ አልክ” አለ ገሜዳ። “ለጣሊያን ሲሆን ጀመርክ?”

 ገሜዳ አጎብ እግር ሥር ተፋ። የዚያን ቀን ነው መትፋት የተጀመረው።

አማራጭ ግን አልነበረም፤ አመጡ። መጀመሪያ ያመጣው ራሱ ገሜዳ ነው። ምንሽሩ የልጁ ነበር። ልጁ ማይጨው ወድቆ ጠመንጃውን ጓደኞቹ ተሸክመው አመጡለት። ጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎ መጣ፤ በሩ ላይ አስቀምጦት ሳይናገር ሄደ።

አጎብ ሦስት ቀን በሩን ዘግቶ መስኮቱ ሥር ሠራ። ጥሩብርሃን የሞረድ ድምፅ ሰምታ ቀረበች። ጥይቱን ከኋላ የሚወጋውን ቀጭን ብረት አውጥቷል፤ መርፌ ይሉታል። ጫፉን የገብስ ቅንጣት ታክል ቆረጠው። መልሶ ሲከተው ጠመንጃው እንደ ደህና ይሳባል፤ ቀጭ ይላል። ጥይቱን ግን አይነካውም። ከዚያ ከአፈሙዝ እስከ ሰደፍ እንዲያብለጨልጭ አድርጎ ዘይት ቀባው።

“የሚያምር ነገር ሰው አይመረምርም” አለ።

“ንገራቸው እንጂ!” አለችው። “ይሰድቡሃል እኮ። ይተፉብሃል።”

“ያወቀ ሰው ሲደበደብ ይናገራል። ያላወቀ ሰው ሲደበደብ ይሳደባል። ይሰድቡኝ። አንተም ባታውቅ ጥሩ ነበር።”

አሥራ አንዱን ቁራጭ ትኩስ ሰም ውስጥ በየተራ እያስገባ ደበቃቸው። የመጀመሪያው፣ የገሜዳው፣ ከላይ ነው፤ በጥፍሩ ምልክት አደረገበት። ወንዝ ውስጥ ጣላቸው ብትለው ራሱን ነቀነቀ።

“ባለቤት አላቸው። የሰው ዕቃ አልጥልም።”

ሞረዱን ግን ጣለው።

*

በቀብሩ ማግስት ጠዋት ጥሩብርሃን ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠች የሰበሩትን ቀፎ በክፍቱ በር ታያለች። ከትናንት በስቲያ፣ ሐሙስ ዕለት፣ አጎብን ያስቆሙት እዚያ ነው። ቀኝ እጁን ሣጥኑ ላይ አስረው በራሱ መዶሻ ጣቶቹን አንድ በአንድ ሰበሯቸው። “ከማን ጋር?” ይለዋል ኃይለመስቀል። “እኔ ብቻ” ይላል አጎብ። “እነሱ ጠሉኝ። ሂድ ጠይቅ።” አራተኛው ጣት ላይ ወደቀ። አንስተው አቆሙት። የመጀመሪያው ጥይት ትከሻውን አገኘው። መኮንኑ ተናዶ ራሱ ቀርቦ ሁለተኛውን ተኮሰ። ለምን እንደገደሉት ለአገሩ አልተናገሩም። የጣሊያን ጠመንጃ በሞረድ ተሸነፈ ተብሎ እንዲወራ አልፈለጉም።

የዱላ ድምፅ ሰማች።

ገሜዳ በሩ ላይ ቆመ። ጋቢውን ለሐዘን አዘቅዝቆ ለብሷል። አስካሪው መንገድ ለቀቀለት። ኃይለመስቀል በርጩማው ላይ ቀጥ አለ።

“ቤቴ እንዳይደርሱ አለች ተብዬ ነበር” አለ ገሜዳ ለጥሩብርሃን። “ሰባ ዓመቴ ነው። የለቅሶ ቤት በር ተዘግቶብኝ አያውቅም። አንቺም አትዘጊብኝም።”

“አባባ ገሜዳ፣ ይሂዱ።”

“ስተፋም መጥቻለሁ። ለቅሶም መጥቻለሁ። ሁለቱም የራሴ ነው።” ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። “እግዜር ያጥናሽ።”

ኃይለመስቀል ተነሳ።

“መጣ” አለ በለሆሳስ። ከዚያ ጮኸ። “መጣ!”

በሰደፍ ጀርባውን መታው። ሽማግሌው በግንባሩ ተደፋ። አስካሪው ገብቶ በአንገቱ ይዞ አነሳው።

“አርመኑ ጠመንጃህን ምን አደረገው?”

“ዘይት ቀባው!”

“ሌላስ?”

“ሌላ ምን ያደርገዋል?”

ሰደፉ አፉ ላይ አረፈ። ጥርስ ሲሰበር ጥሩብርሃን ሰማችው። ሽማግሌው ደምና ጥርስ ምንጣፉ ላይ ተፋ።

“ካልተዋዋላችሁ ለምን መጣህ? ለጠላት ለቅሶ ይደረሳል?”

“ጎረቤት ነው... ጎረቤት...”

“ወዳጅህ ነው! አብራችሁ ነው የሠራችሁት!” ኃይለመስቀል ወደ አስካሪው ዞረ። ፊቱ ላብ በላብ ነው። “ገመድ አምጣ። ለመኮንኑ ንገር። አሥሩንም ከየማሳቸው ይዛችሁ ኑ።”

አስካሪው ወደ በሩ ዞረ።

ጥሩብርሃን ተነሳች። ለሽማግሌው ማልቀስ፣ መለመን፣ እግር መያዝ ዋጋ እንደሌለው አወቀች። ያላወቀ ሰው ሲደበደብ ይሳደባል። ሽማግሌው ግን በለቅሶ ቤት ሙት ላለመስደብ ጥርሱን ነክሷል፤ ያውም በቀረው ጥርስ። ሐዘኗን ማክበሩ ሊያስገድለው ነው። አሥሩንም ጭምር።

ሽማግሌው ፊት ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

“አባባ ገሜዳ፣ እንኳን መጡልኝ! ባሌ እኮ ይወድዎት ነበር። የልጅዎን ምንሽር ምን የመሰለ አድርጎ ሰጠልዎት! ጣሊያኑ እጁን ጨብጦ አመሰገነው። ጮማ የመሰለ ጠመንጃ ነው ብሎ። አብራችሁ ደስ ብሏችሁ የለ? እስቲ እንደ ወዳጅ አንድ ነገር ይበሉለት!”

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት። ደም ያዘለ አፉ ተከፍቶ ቀረ።

“የልጄን?”

“የልጅዎን። ማይጨው የወደቀበትን። ሲያብለጨልጭ ቢያዩት!”

“ውሻ!” አለ ገሜዳ።

“ማን?”

“ባልሽ! የጣሊያን ውሻ ነበር ባልሽ! ስምንት ዓመት መሬቴን አብልቼው! የልጄ ደም ያልደረቀበትን ብረት ወልውሎ ለገዳዩ ሰጠ! እጁ ይቆረጥ! ተሰበረ አሉኝ፣ እሰየው! ዘሩ አይብቀል! ሁሉንም ጠመንጃ፣ ያገሩን ሁሉ መከታ በዘይት ሸጠ! አፈሩን ድንጋይ ያድርግበት! እዚያም እረፍት አይስጠው!” ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የአጎብ ባርኔጣ ተንፏቀቀና ደም የተቀላቀለ ምራቁን ተፋበት። “አንቺንም! አንቺንም!” ፊቷ ላይ ተፋ።

አልጠረገችውም። እጇን አጣምራ ቆመች። ይበሉ፣ ይጨምሩ፣ ትል ነበር በልቧ። እያንዳንዱ ቃል እንደ መዶሻ ይመታታል፤ ትቆጥረዋለች።

ኃይለመስቀል ሽማግሌውን አየው።  ጥላቻ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ የሥራው ዕቃ ነው። ይህ የተማሩት አይደለም። ሰደፉን ቀስ ብሎ መሬት አስነካ።

“ገመዱን ተወው” አለ አስካሪውን። በርጩማው ላይ ዘፍ አለ። “ብቻውን ነው። ብቻውን ነው የሠራው፣ ይሄ... ይሄ...”

ስድብ አጣለት።

ገሜዳን ጎትተው ከበሩ ውጭ ጣሉት። አልፊያ እየሮጠች መጥታ አነሳችው።

*

በሠልስቱ ዕለት ማለዳ ኃይለመስቀል ኮቱን ቆልፎ ጠመንጃውን አነገተ። ሊወጣ ሲል ንፍሮው ጋ ቆመ። አንድ ጭብጥ ዘግኖ ሳያላምጥ ያዘው።

“ለወንድሜ ማንም አልመጣም” አለ። “እናቴ ሦስት ቀን ብቻዋን ተቀመጠች። ባንዳ ነው አሉ።”

ጥሩብርሃን ንፍሮውን በጣሳ ጨምራ ሰጠችው።  ተቀበላትና ወጣ። አስካሪውን እስከ ማታ በሩ ላይ ተወው።

ብቻዋን ስትሆን ሰሙን አነሳችና የጥፍር ምልክት ያለበትን ጎን ቆረጠች። በመዳፏ አሽታ አለሰለሰችው፤ በክር ዙሪያ ጠቅልላ አንድ ጧፍ ሠራች። የቀረውን መደርደሪያው ላይ መለሰችው። አሥሩ እዚያው ናቸው። ቀናቸው እስኪደርስ ይቆያሉ።

እኩለ ቀን ላይ ዱላው ተሰማ።

“ወዴት ነው ሽማግሌ?” አለ አስካሪው።

“መሬቱ የኔ ነው” አለ ገሜዳ ባበጠ አፉ። “ላስለቅቃት ነው።”

አስካሪው ሳቀ። “ግባ። ግን ጩኸት አታብዛብኝ።”

ገሜዳ ገባ። አልተቀመጠም። ባርኔጣውን ላለማየት መሬት መሬት ያያል።

“ሙት ሰድቤ አላውቅም” አለ። “ያውም በሚስቱ ፊት፣ በለቅሶ ቤት። ያልኩት እውነት ነው። ግን እዚህ ልለው አይገባኝም ነበር። ይቅር በዪኝ። ከዚህ የበለጠ አልልም።”

“ይህን ያዙልኝ” አለች፤ ጧፉን ሰጠችው።

“ለሱ አላበራም።”

“አያብሩ። ይያዙት ብቻ።”

ያዘው። መዳፉ ትኩስ ነበር፤ ሰሙ ለሰለሰ። አውራ ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ተመለሰ፤ ደግሞ ቆመ። ሰሙን በጥፍሩ ፋቀው። ትንሿ ብረት መዳፉ ላይ ወደቀች። ወደ በሩ ብርሃን ዞር አድርጎ አያት። ከልጅነቱ ጀምሮ ጠመንጃ ፈትቶ የገጠመ ሰው ነው። ማንም ሊነግረው አያስፈልግም ነበር።

“ይቺ...”

“ከልጅዎ ምንሽር ናት።”

“የሌሎቹስ?”

“አሥራ አንዱም። ወጨጫ ላይ አንድም አልተኮሰም።”

ዱላው ከእጁ ወደቀ። ምንጣፉ ላይ፣ ወንድም በሚቀመጥበት ቦታ ተንበረከከ። አፉ ለጩኸት ተከፈተ። ጥሩብርሃን ዘልላ በመዳፏ ከደነችው።

“አይለቀስም” አለች በጆሮው። “በሩ ላይ ሰው አለ። አሥር ቤት አለ። አይለቀስም፣ አባባ።”

ጩኸቱ መዳፏ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። እጇን ያረጠበው እንባ ይሁን ደም አልለየችውም። ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። እጇን አነሳች።

“ድንጋይ ያድርግበት አልኩት” አለ ገሜዳ።

“እንዲሉት ነው የፈለገው። በዚያ ነው የተረፉት።”

“ገለባ ያድርግለት። ገለባ ያድርግለት።” ድምፅ አልነበረውም፤ ከንፈሩ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

ከደጅ አስካሪው ጮኸ። “ሽማግሌ! በቃህ!”

አስካሪው ወጪ ገቢውን እንደሚፈትሽ ሁለቱም ያውቃሉ። ገሜዳ መዳፉን አየ። ብረቷን አንስቶ ጥርሱ በተሰበረበት ክፍተት ውስጥ አስገባት፤ አመመው መሰል ዓይኑን ጨፈነ። አፉን ዘጋ። ዱላውን ይዞ ወጣ።

አስካሪው ጋቢውን፣ መቀነቱን ዳበሰ። “አስለቀቅካት?” አለው።

ገሜዳ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እንደ ወትሮው ቆም ሳይል፣ አንገቱን ሳያዞር፣ ሰው እንዲሰማው አድርጎ በሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተፋ። አስካሪው ሳቀ።

ጥሩብርሃን ጨርቁን ከአጥሩ አንስታ ወጣች። ልትጠርግ ጎንበስ አለች። ድንጋዩ ደረቅ ነበር።